በጁምዓ ሰዓት የወጣው ዕጣ

በዲላ የሰፈራችን መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ለሆኑት ለክቡር አቶ ባንተአምላክ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ጭንቅላትዎና የጎድን አጥንትዎ፣ እንደተጠበቀ ይቆይልን፤ እኛ የራሳችንን ባለፈው ዓርብ በርዎ ላይ ጥለን ስለመጣን የሌላ ሰው ጤና ስንሰማ ደስ ይለናል።

ኸድሩ እባላለሁ፤ ከግቢዎ ጋር አጥር የምጋራው ባለሱቅ ነኝ። ልጄ ሱመይራ ዘንድሮ ለሰባተኛ ክፍል አመልክታ ነበር። ቦታው ለሁሉም ስለማይበቃ በዕጣ ይሁን ማለትዎን ሁላችንም በአክብሮት ተቀብለናል፤ ቅሬታዎቼም ጥቃቅን ናቸው።

፩ኛ፦ የልጁ ስም ሲጠራ ወላጁ ግቢ ውስጥ ካልተገኘ ዕድሉ ለሌላ ያልፋል የሚል ሕግ አውጥተው ሲያበቁ፣ የሰፈሩ እኩሌታ መስጊድ ውስጥ እንደሚሆን እያወቁ ዕጣውን በጁምዓ ሰዓት አወጡት። ሶላቱ እንዳለቀ ጫማችንን በቅጡ ሳንጫማ ሮጠን ብንመጣ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። ለሰዓት አክባሪነትዎ እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ ክፈቱልን ብለን ስንለምን ጥበቃዎችዎ በዱላ ተቀበሉን። ጎረቤቴ ሰይድ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኑን ጋረደው። ወይዘሮ ሱራያ የፊት ጥርሶቻቸውን ከአቧራው ለቅመው ሄዱ፤ ወድቀው ሳሉ የረገጥናቸው ግን ጥበቃዎቹ ሳይሆኑ እኛው ነን፤ አንዱ የሌላውን ኮሌታ ጨምድዶ ወደ ኋላ እየጎተተ፣ ሌላው በክርኑ የባልንጀራውን አፍንጫ እየደቃ ወደ በሩ ስንጋፋ። በለቅሶም በሠርግም አብረን የምንቆም ሰዎች እንዲህ ለመባላት አንድ የተዘጋ በር ብቻ እንደሚበቃን ስላስተማሩን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፫ኛ፦ እዚህ ላይ ስደርስ ደሜ ይፈላል፤ ይቅርታዎን። መሬት ላይ ወድቄ ዱላው ሲወርድብኝ የልጄን ስም በድምፅ ማጉያው ሰማሁ። ዕጣው ወጥቶላት ነበር! አለሁ፣ አባቷ ነኝ ብዬ ጮህኩ፤ አንደኛው ጥበቃ አፌን በጫማው ረገጠው። ስሟ ደግሞ ተጠራ፤ ደም እየተፋሁ ደግሜ ጮህኩ። ከዚያ በዚያ በተረጋጋ ድምፅዎ ወላጅ የለም፣ ቀጥሉ አሉ። በርዎ ላይ እየተቀጠቀጥኩ የለም መባሌን፣ ክቡርነትዎ፣ እስካሁን መዋጥ አልቻልኩም።

ሌላው ትምህርት ቤት ሞልቷል ስለተባልኩ ሱመይራ ዘንድሮ ቤት ልትውል ነው። የወጣላትን ቦታ ይመልሱላት፤ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

የጥበቃዎችዎን ክንድ ፈጣሪ ያበርታልዎ እያልኩ፣ ያበጠ ፊቴ በሚችለው መጠን ፈገግ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ ኸድሩ

ማሳሰቢያ፦ ቀኝ ክንዴ በጀሶ ስለታሰረ ይህን እኔ እየነገርኳት የጻፈችው ሱመይራ ናት። ስሟ የተጠራበት ቦታ ስትደርስ ብዕሩን አስቀምጣ ወጣች፤ ቆይታ ተመልሳ ጨረሰችው። ስህተት ካገኙባት ይታገሷት፤ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ሰባተኛውን እርስዎ ለሌላ ሰጥተውባታል።