በጸሎት ስለተዘጋው የመቅዲ ጥያቄ

ኦስሎ፣ ኖቬምበር 1996

ለተከበሩ ጋሽ በየነ፣ የጉባኤያችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ፤

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ያ የወገብዎ ሕመም ለቀቅ እንዲያደርግዎ፣ ቁጣዎም አብሮት እንዲበርድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ፣ ሊንደሩድ ሲክየም፣ መጦሪያ ቤቱ ውስጥ፣ አረጋውያን የምንከባከበው የመቅዲ እናት፣ ከመናደዴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

1ኛ/ ከአሜሪካ ለመጡት ሰባኪ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄን አስተርጓሚ ስላደረጓት አመሰግናለሁ። እንግዳው አሜሪካ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንደ ተመሠረተች፣ ፕሬዚዳንቶቿ መጽሐፉን ይዘው እንደሚምሉ፣ ገንዘቧ ላይ ሳይቀር በእግዚአብሔር መታመኗ እንደ ተጻፈ ሲያስተምሩ፣ አንዲት ቃል ሳታጓድል ተረጎመች። እኛም ኦከርን ሰፈር የተከራየነው አዳራሽ እስኪናጋ አሜን አልን።

2ኛ/ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ስላሉም አመሰግናለሁ። ማንም እንደማይጠይቅ ያውቁ ነበር፤ እሷ ግን እዚህ አገር የተማረች ናትና የምርዎን መሰላት። ባሪያ የሸጡትም የተሸጡትም ወደ አንድ አምላክ ይጸልዩ ከነበረ፣ አገሪቱ የተመሠረተችው በማንኛቸው ጸሎት ነው ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ አስተርጓሚ ናትና የራሷንም ጥያቄ ለጉባኤው በአማርኛ ተረጎመችው። እንግዳው ውሃ ጎንጨት ብለው ሊናገሩ ሲሉ፣ እርስዎ ብድግ ብለው በጸሎት እንዝጋ አሉ። ወይ ጉድ! ያን ያህል የረዘመ ጸሎት ከእርስዎ ሰምቼ አላውቅም።

3ኛ/ እንግዳ አዋርደሻል ተብላ፣ ይቅርታ እስክትጠይቅ ከአገልግሎትም ከመዘምራንም ስለታገደችበት አባታዊ ተግሣጽ ምን ብዬ ላመስግንዎ? ይኸው አራት እሑድ፣ እሷ ሃውገሩድ ቤታችን ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች፣ እኔ ብቻዬን በቲባን፣ በምድር ባቡሩ፣ እሳፈራለሁ። ጋሽ በየነ፣ ቀልድ እንዳይመስልዎ፤ ልጄ ከጌታ ቤት እየወጣችብኝ ነው፣ አንጀቴ አሯል። እዚህ አገር አንዴ የወጣ ልጅ በልመና አይመለስም።

ለባሕር ማዶ እንግዳ ክብር ሲሉ የገዛ ጉባኤዎን ልጅ ደጅ ለሚያቆሙበት ትጋት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

አክባሪዎ ሐረገወይን ሳህሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሰባኪው የመጣልዎትን ደብዳቤ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሲጠፋ፣ በወንድም ግዛው እጅ ለታገደችው ልጅ ልከውላት ነበር። ተርጉማዋለች፤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ጥያቄዋ እንቅልፍ እንደ ነሳቸው፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን የሠሩት ባሪያዎች፣ ራሳቸው በጠረቡት ወንበር እንዲቀመጡ እንዳልተፈቀደላቸው ጠይቀው እንደ ደረሱበት፣ መመለስ ሲገባቸው በእርስዎ ጸሎት ተከልለው ዝም ስላሉ ይቅር እንድትላቸው ጽፈዋል። ለጉባኤውም ይነበብልኝ ብለዋል። የታገደ ሰው መድረክ አይወጣምና እሑድ እርስዎ ያንብቡልን፤ ሲጨርሱም፣ እንደ ልማድዎ፣ በጸሎት ይዝጉልን።