አልከፍትም አልኩ፣ አልከፍትም

ሐሙስ፣ ሰኔ 4 ቀን
ከተዘጋው ፀጉር ቤት ውስጥ

ለችኩሉ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ተሽሎታል። ምላሷማ ከመቼውም በላይ ደህና ነው። ቤት ከተዘጋብን ወዲህ የምትቆጣው ሰው እኔን ብቻ ስላገኘች የሰፈሩን ሁሉ ድርሻ ብቻዬን እየተቀበልኩ ነው። በጣም ናፍቃሃለች፣ ትስምሃለች። ይህን የምጽፍልህ ከቤታችን በጓሮ በር ገብቼ፣ ያቺ በልጅነትህ ስትሽከረከርባት ውለህ ያስመለስክባት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

መልእክትህን እናትህ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። ሦስተኛውን አልጠየቅኳትም፣ ደስ ብሏት ነው። «አባዬ፣ ቪዲዮውን አየሁት፣ አሳፈርከኝ፣ አገር ምድሩ እየሳቀብህ ነው» ትላለህ። ይሳቅ! ሲሳቅብኝ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ብለሃል፦ «እኔ እዚህ ማሽኔን በቦርሳ ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ እሠራለሁ፣ እስካሁን ማንም አላወቀብኝም። አንተ የራስህን በር መክፈት ፈርተህ ወንበር ላይ ተጎልተሃል።»

«ፈርተህ» ያልካትን እንተዋት። እንቅልፍ የነሳኝ የቦርሳው ነገር ነው። መንገዱ ለመንገደኛ ባይዘጋ ራሴ መጥቼ ያንን ቦርሳ ከእጅህ እነጥቅህ ነበር። ስልክ ላይ ደግሞ ሳልጨርስ ነው የምትዘጋብኝ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ጎዳናችንን ታውቀዋለህ፣ ከዳቦ ቤቱ እስከ አናጺው ግቢ አሥራ ሁለት በር ነው። ቤት ተቀመጡ ከተባለ ጀምሮ ዳቦ ቤቱ በመስኮት ከሚሸጠው በቀር ሁላችንም ዘግተን ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አናጺው ሁላችንንም ግቢው ጠራን። መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ተራርቀን ቆምን። ነገሩ ሲሞቅ ርቀቱም ተረሳ፣ ማስኩም አገጭ ስር ወረደ፣ ሁሉም በሁሉም ፊት ላይ ይጮህ ጀመር።

«ሰኞ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንከፍታለን» አለ አናጺው። «አንዱ ብቻውን ቢከፍት መጥተው ያሽጉበታል። አሥራ ሁለታችንም ከከፈትን ግን ማንን ከማን ለይተው ያሽጋሉ? አንድ በር እንኳን ዝግ ከሆነ አለቀልን። ‹እሱ ሕጉን አክብሮ የለም እንዴ፣ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?› ነው የሚሉን።»

ልብስ ሰፊዋ ቀጠለች። «እኔ በሽታውን አልናቅኩም» አለች። «ግን ልጆቼ በቀን ሁለቴ ብቻ መብላት ከጀመሩ ወር አለፋቸው። ቤት ተቀመጡ ያለን ሰው ምን እየበላ እንደሚቀመጥ ይንገረኝ።» እውነቷን ነው። ስለሷ ክፉ የሚናገር ሰው ብትሰማ አፉን አስይዝልኝ።

ከዚያ አናጺው ስለ አባቱ ተናገረ። መምህሩን መቼም አትረሳቸውም፣ ማባዛትን በግድ ያስገቡልህ እሳቸው ናቸው። ማረፋቸውን ያኔ በስልክ ነግሬህ ነበር። «አባቴ ቤት ተቀመጡ ከተባለበት ቀን ጀምሮ እግሩ ከደጅ አልወጣም» አለ። «እኔ ልጁ እንኳን ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ በመስኮት ነበር የማዋራው። አንድ ቀን እንኳን አልገባሁም። አንድ ቀን እንኳን እጁን አልያዝኩም። ሕጉን ከእሱ በላይ ማን አከበረ? ታዲያ ምን ጠቀመው? ተዘግቶም ከገደለን ለምንድን ነው የምንዘጋው?»

አባቱን የቀበረ ሰው ፊት ቆሞ ማን ምን ይመልሳል? አንድ መልስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም «እኔ አልከፍትም» አልኩና ወጣሁ። ከኋላዬ «ፈሪ» ያለውን ሰው በድምፁ አውቄዋለሁ፣ ግን ዕዳው የእሱ አይደለም፣ ተወው።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ሲሆን የብረት በሮቹ ተራ በተራ ሲንጓጉ ሰማሁ። ወንበር አወጣሁና በተቆለፈው በሬ ፊት ለፊት ቁጭ አልኩ። ብዙም አልቆዩም፣ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው መጡ። የቀረውን በቪዲዮው አይተኸዋል። አናጺው መዶሻ ይዞ «ጋሼ፣ በሰላም ይነሱ» ይለኛል። «አልነሳም» እለዋለሁ። «ከነወንበርዎ ተሸክመን እናነሳዎታለን» ሲለኝ «ተሸከሙኝ፣ ወገቤንም አሞኛል» አልኩት። አገር የሳቀው እዚህ ላይ ነው መሰለኝ። እኔም በኋላ ሳየው ትንሽ ስቄያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ከዚያ መዶሻውን አነሳ። ጓጉንቸሩን ሊሰብር ነው። እኔ እጄን ጓጉንቸሩ ላይ አደረግኩ። «እጅዎን ያንሱ!» ብሎ ጮኸ። «አላነሳም፣ ከፈለግክ ከነእጄ ስበረው!» አልኩት። ይሄኔ እንባው መጣ። «አባቴ ዘግቶ ተቀምጦ ሞተ እኮ! እርስዎ የሚዘጉት ለማን ብለው ነው?» አለኝ። እኔም ሳላስበው «አባትህ ዘግተው አልተቀመጡም!» አልኩት። ሲቀርጸን የነበረው ጫማ ጠጋኝ ስልኩን ያወረደው እዚህ ላይ ነው። አንተ ያየኸው እስከዚህ ነው፣ የሚያሳፍረውን ግን አላየኸውም። አሁን ልንገርህ።

ከተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ደወሉልኝ። «አንተ ሰው፣ ጺሜ እስከ ዓይኔ ሊደርስ ነው፣ መስታወት ሳይ ሌባ የገባ ይመስለኛል» አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዓርቡ የላጨኋቸው እኔ ነኝ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ምላጭ ቀርቶ የሻይ ብርጭቆም አያስተማምናቸውም ነበር። አሳዘኑኝ። በዚያ ላይ እኔም ሥራው ናፍቆኝ ነበር፣ ይህንንም አልደብቅህም። ቦርሳዬን አንጠለጠልኩና በጓሮ በር ገባሁ። ልጃቸው በመስኮት በሚያዋራቸው ቤት፣ እኔ በጓሮ በር!

ጠንቃቃ ነበርኩ ደግሞ። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ምላጩን በአልኮል ነከርኩ። ማስኬን እስከ ዓይኔ ስር ሳብኩ። ጠዋት ጉሮሮዬን ትንሽ ከርክሮኝ ነበር፣ አቧራ ነው አልኩ። ላጨኋቸው፣ ጸጉራቸውን አሳጠርኩላቸው፣ አማረባቸው። ጨርቁን ከአንገታቸው ፈታሁና፣ ልጄ፣ ማስኬን በአንድ ጣቴ ዝቅ አደረግኩና ፉ አልኩላቸው። አንዴ በግራ ጆሮ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ ማጅራት ላይ። አንተ ታውቀዋለህ፣ እኛ ስንጨርስ የምናደርገውን። አርባ ዓመት እንደዚያ ነው የጨረስኩት። የአንገት ፀጉር ማራገፊያው ብሩሽ ግድግዳው ላይ ለጌጥ ነበር የተሰቀለው፣ ቦርሳ ውስጥ እንኳን አስገብቼው አላውቅም። ያን ሁሉ ጥንቃቄ በገዛ ትንፋሼ ፉ ብዬ አጠፋሁት። ያን ሰዓት ደግሞ ፉ ማለቴን እንኳን ልብ አላልኩትም።

መምህሩ ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳቁ። «ቀዘቀዘኝ» አሉ። «ሰው ከነካኝ ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ እኮ ነው።» የመጨረሻ ወጋችን ይህ ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ገብቼ ዕቃ ሳጥብ የሽቶው ጠርሙስ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ወለሉ በሽቶ ተጥለቀለቀ። እናትህ ከጓሮ ሆና «ምንድን ነው ይሄ ሽታ!» ብላ ትጮሃለች፣ እኔ ምንም አይሸተኝም። ተንበርክኬ አፍንጫዬን ወለሉ ላይ አደረግኩ። ምንም። ያኔ በሽታው እኔ ጋ እንደነበረ ገባኝ። እኔን ሁለት ቀን ትኩሳት ይዞ ለቀቀኝ፣ መምህሩ ግን በአሥረኛው ቀን አረፉ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእናትህ እንኳን። ቀብራቸው ላይ አራት ሰው ብቻ ነበር የተፈቀደው፣ እኔም ያንን ሰበብ አድርጌ ቀረሁ።

እና ሰኞ ዕለት ይህንን ሁሉ እዚያው በሬ ላይ፣ ጎዳናው ሁሉ እየሰማ ለአናጺው ነገርኩት። አንድም ቃል አላስቀረሁም። እንደጨረስኩ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። እሱ ብቻ ቆሞ ቀረ።

«ጺሙ አጭር ነበር» አለ። «ሬሳውን ሲያሳዩኝ ጺሙ ገና አጭር ነበር። በዚያ እጁ እንዴት አድርጎ ተላጨ ብዬ ስንት ቀን ሳስበው ከረምኩ። ለእኔ ብሎ ነው፣ በመስኮት ሳየው እንዳልጨነቅ ነው ብዬ ነበር።»

መዶሻውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው፣ ቢያወርድብኝም አልፈርድበትም ነበር።

«ፉ ሲሉለት ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሳቁ» አልኩት። «ቀዘቀዘኝ አሉ።» የቀረውንም ነገርኩት፣ ሰው ከነካቸው ሦስት ሳምንት ሊሆናቸው ነው ማለታቸውን። ያን ጊዜ ፊቱን አዞረና ሄደ። ግቢው ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋው። እስከ ዛሬ አልከፈተውም።

አሁን በዚህ ጎዳና ላይ አሥር በር ክፍት ነው፣ ሁለት በር ዝግ ነው። እሱና እኔ ፊት ለፊት ነን። ጠዋት ጠዋት ይወጣል፣ ደጁን ይጠርጋል፣ ቀና ብሎ በሬን ያያል፣ ይገባል። ሰላም አይለኝም። እንዲለኝም አልጠብቅም።

የተቀረው ሰው ለሁለት ተከፍሎ እየተጨቃጨቀብኝ ነው። ግማሹ ገዳይ ይለኛል። ግማሹ ደግሞ ሊያጽናናኝ ይሞክራል፣ «ሽማግሌ ነበሩ፣ ቀናቸው ደርሶ ነው፣ ልጃቸው ደጃፍ ላይ ከሚያስቀምጥላቸው የዳቦ ላስቲክም ሊሆን ይችላል» እያለ። እናትህም እንደዚያ ትላለች፣ እያለቀሰች። እኔ ማጽናኛቸውን አልቀበልም! ከላስቲኩ ሊሆን ይችላል፣ አዎ። ግን ሽቶ ወለል ላይ ፈሶ ያልሸተተኝ እኔ ነኝ። «እንግዲህ የሆነው ሆኗል፣ ይክፈቱ» የሚሉኝም አሉ። በሩን ቢፈልጉ ይሰባብሩት፣ ስሜን ቢፈልጉ በየስልኩ ያዙሩት፣ ሐኪሞቹ በቃ እስኪሉ ድረስ እዚህ ቤት ማንም አንገቱን አይሰጠኝም። እኔም አልቀበልም።

አሁን ወደ አንተ። «ማንም አላወቀብኝም» ብለሃል። እኔንም ማንም አላወቀብኝም ነበር፣ ልጄ። ጠንቃቃ ነኝ እንደምትል አውቃለሁ፣ እጅህንም እንደምትታጠብ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ግን ፉ ማለትንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ሰባት ዓመትህ ሳለ በርጩማ ላይ አቁሜ፣ በገዛ አንገቴ ላይ አለማመድኩህ። «በርታ፣ ጠንከር አድርገህ» እያልኩ። ዛሬ በየሰው ቤት ስትዞር ማስክህን በአንድ ጣትህ ዝቅ እንደምታደርግ፣ እንዳደረግክም እንደማታውቅ፣ እዚህ ሆኜ ይታየኛል። ያንን ቦርሳ አስቀምጠው። እጅ ካጠረህ ጻፍልኝ፣ ያለንን እንካፈላለን። ፈሪ ቢሉህ ፈሪ ሁን። የፈሪ ልጅ ነው ይበሉህ፣ ምን ይቀርብሃል? ለምኜህ አላውቅም፣ አሁን ግን እየለመንኩህ ነው።

እጅህን ይባርክልህ። ትንፋሽህን ለአንተም ለሰውም ደህና ያድርግልህ። ያን ወንበር እንደገና እያሽከረከርክ የምታስቀኝ ቀን ሩቅ አይሁን።

የሚወድህና የማይከፍተው
አባትህ

ከደብዳቤው ጋር የአንገት ብሩሹን ልኬልሃለሁ። ሱቅ ሲከፈት እሱን ተጠቀም። አዲስ የገዛሁ እንዳይመስልህ፣ ያ አርባ ዓመት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የኖረው ነው። አዲስ የመሰለው አንድም ቀን ስላልነካሁት ነው።