ፒያኖው እንዳይፈለጥ የተጫወትኩት

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ አሰለች፣

በላስታ ብርድ ተቆራምጄም ቢሆን እንደምን ሰነበትሽልኝ እላለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የጅማ ዝናብ አላባሰብሽም? ቤተሰቡስ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ደስታዬን የምነግረው ሰው ባጣ ነው ወረቀት የያዝኩት። ለማስተማር እዚህ ከተዛወርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ቤቴን ስከፍት «እንዴት ዋልሽ?» የሚለኝ የለም። ወሬ ካላወራሁ እንደሚያመኝ ታውቂያለሽ፤ አንዳንዴ ድስቱን አናግረዋለሁ።

የቀበሌው አዳራሽ ድሮ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ፈረንጆቹ ትተውት የሄዱት ፒያኖ ጥግ ላይ ቆሟል። ሊቀ መንበሩ ጓድ አረጋ ለመሠረተ ትምህርት አግዳሚ ወንበር ቢቸግረው «ይህ ሣጥን ቦታ ከሚይዝ ለወንበር ይፈለጥ» አለ። ዘልዬ ተነሣሁና ይሠራል፣ እኔ እጫወተዋለሁ አልኩ። «እንግዲያው ጓድ አገሬ፣ እሑድ ስብሰባው ላይ ያሰሙን፤ ሕዝቡ ካልወደደው መጥረቢያ ነው» አለኝ።

ደሴ ተማሪ ቤት ሳለን ያስተማርሽኝን ያቺን አጭር ዜማ መረጥኩ፤ ሌላውን ጣቴ ረስቶታል። ስለማመድ አዳራሹ ሰፊ ነው ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደበደብኩት። አቤት ጩኸቱ! የአሸተን ማርያሙ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ለጉዳይ ቀበሌ መጥተው ኖሮ፣ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ገብስ ነው እንዴ የምትወቂው?» አሉኝ። «እኛ ማኅሌት ስንቆም በባዶ ድምፅ እንጀምራለን፤ ከበሮው መሬት ተቀምጦ ይጠብቃል። ገና ሲጀመር ከመታነው ለመጨረሻው ምን እናስቀራለን? ደግሞ ግራሽ ቀኝሽን ውጦታል።» ፒያኖ አይተው የማያውቁ ሰው፣ እትዬ!

ከዚያ ወዲያ ጣቴን ሳላነሣ፣ ክንዴን እየለቀቅሁ መጫን ያዝኩ። ግን ውስጡን አይጥ በልቶታል፤ በጣም ካለዘብኩት የምጫነው ቁልፍ ይወርዳል እንጂ ድምፅ የለውም። ድምፅ የሚሰጥበትን ልክ ስፈልግ ዋልኩ።

እሑድ ግራ እጄን እንደ ሹክሹክታ አድርጌ ጀመርኩ። ከኋላ «አይሰማም!» አሉ። እጄ ሊደበድብ ቃጣው፤ ያዝኩት። ለመስማት ሲሉ እነሱው ጸጥ አሉ። ቀስ በቀስ አሳድጌ መጨረሻው ግድም ብቻ ኃይሌን ለቀቅሁት፤ መልሼም አሳነስኩት። አንዷ ቁልፍ ጭራሽ አልጮኸችም፤ አልፌያት ሄድኩ። ሲያልቅ የሚያጨበጭብ ጠፋ። ለካ ገና የሚቀጥል መስሏቸው ኖሯል! መሪጌታ «ድገሚው እንጂ» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ «ይደገም!» አለ። ጓድ አረጋም «ወንበሩን ከባሕር ዛፍ እናሠራለን» ብሎ ማክሰኞና ዓርብ እየገባሁ እንድጫወት ፈቀደልኝ።

ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ ያው ድስቱን ማናገር ነው። ሁሉም «ግሩም ነበር» ይለኛል፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ የሚነግረኝ አንድ ሰው የለም። የመጨረሻዋ ድምፅ ባንቺ እጅ ከጠፋች በኋላም የምትሰማ ትመስል ነበር፤ በኔ እጅ ቶሎ ትሞታለች። ጣትሽን እንዴት እንደምታነሺ ጻፊልኝ። በወረቀት አይሆንም ካልሽ የይለፍ ፈቃድ አውጥተሽ ነዪ፤ ጋሸና መገንጠያው ላይ ቆሜ እቀበልሻለሁ።

ጋሼ ተክለ ሚካኤልን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ለአማትሽ ለእማማ ወለተ ሩፋኤል ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ትንሿን ትርንጎን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጣቶቿ ረዝመው እንደሆን ለክተሽ ንገሪኝ።

እኅትሽ አገሬ
ላሊበላ፣ ጥር 24 ቀን 1972 ዓ.ም.