ላላ ተደርጎ የተመታ ጣሪያ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9። ሱሉልታ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከጣሪያችን ላይ ሁለት ቆርቆሮ ገንጥሎ ሜዳው ላይ ወረወረው። ሰው አለመጉዳቱ የእግዜር ሥራ ነው።

ጥፋቱ ግን የንፋሱ ብቻ አይደለም። ለገጣፎ የነበረው ቤታችን በመንግሥት ትእዛዝ በዶዘር ሲፈርስ ቆርቆሮው አልነቀል ብሎን ሁሉም ዶዘሩ ሥር ተጨረማመተ። ስለዚህ ይኼኛውን ስንሠራ ባለቤቴ ተሾመ አናጢውን፣ "ሚስማሩን አጥብቀው አይምቱት፤ ድንገት አፍርሱ ከተባልን ቶሎ እንድንነቅለው" አላቸው። እኔም ብልህነት መስሎኝ ደስ አለኝ። ካለፈው ተምረን ሞተናል!

ዛሬ ጠዋት አናጢው ኦቦ ገመቹ መጡ። መሰላሉ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩን።

"ማሎ፣ እባክህ ተሾመ! ይኼ ቤት ነው ድንኳን? ዶዘሩ ይምጣ አይምጣ እንጃ። ንፋሱ ግን በየዓመቱ ይመጣል። አሁንስ ላጥብቀው?"

ተሾመ ጎንበስ ብሎ የተጣመመውን ቆርቆሮ ማቃናት ጀመረ። "ያጥብቁት ኦቦ፣ እስከ መጨረሻው ይምቱት" ያልኩት እኔ ነኝ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ግን ከቦታው ጋር የታሰርን ይመስለኝ ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አንሶላ ስቀይር ከፍራሹ ሥር ሚስማር መንቀያ ጉጠት አገኘሁ፤ በተሾመ በኩል። ተናድጄ ልጥለው ይዤው ደጅ ወጣሁ። ከአስፋልቱ በኩል የከባድ መኪና ጉርምርምታ ሰማሁና ባለሁበት ቆምኩ። አሸዋ የጫነ መኪና ነው። አለፈ።

ተመለስኩና ጉጠቱን ከፍራሹ ሥር አስገባሁት። በእኔ በኩል።