ጎርፋችን ገና ስላልተረጋገጠ

ለተከበሩ አቶ ሰውመሆን
የጎርፍ ወሬ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ጉልበትዎም፣ ወገብዎም፣ በተለይም ዐይንዎ ደህና ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኛ የፎገራ ሰዎች እስከ ጉልበታችን እርጥብ ከመሆናችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

የምጽፍልዎ ቁሐር ሚካኤል ስለምትኖረው የእኅቴ ልጅ ስለ ገላነሽ ነው። የነሐሴው ጎርፍ ሩዟን ስለወሰደባት፣ ውሃው ሲሸሽ በጭቃው ላይ የምትዘራው የሽምብራ ዘር እንዲሰጣት አመልክታ ነበር። ጭቃው ከደረቀ በኋላ የተዘራ ሽምብራ እንደማይበቅል ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ኮሚቴዎ ማመልከቻዋን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጣርቶ መልስ ስለሰጣት፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መሣሪያውን የገላነሽ ማሳ ተጥለቅልቆ እንደሆነ ጠይቃችሁት «የሚያረጋግጥ መረጃ አላገኘሁም» ብሎ ስለመለሰላችሁ፣ ጎርፉ ያልተረጋገጠ ተብሏል። ይህን የሚያበሥረው ደብዳቤያችሁ በታንኳ ተጭኖ ደርሶናል። ማኅተሙ መንገድ ላይ በውሃ ስለታጠበ፣ ደረቅ ቅጂ ቢላክልን ደስ ይለናል።

፪ኛ. ሁለቱም ወገን ይሰማ ብላችሁ ተቃራኒውን ሐሳብ፣ ማለትም የጎርፉን ወገን፣ በመሣሪያው ማፈላለጋችሁ እጅግ የሚደነቅ ነው። ገላነሽ ሦስት ምስክር ብታቆም፣ መሣሪያው ከለም ደለል ጀምሮ አምስት የጎርፍ ጥቅም ቆጠረላችሁ፤ ተረታች።

፫ኛ. በርኅራኄያችሁም አስታረቃችሁን፤ የማሳው ግማሽ ብቻ እንደተጥለቀለቀ ይቆጠር አላችሁ። ውሳኔውን ዳር ቆሜ ለውሃው ጮክ ብዬ አነበብሁለት። እስካሁን አልፈረመም።

እኔም ፊደልን በራሴ የለቀምሁ ሰው ብሆንም፣ ከእናንተ ተምሬ ያንኑ ጥያቄ ለዚያው መሣሪያ በስልኬ አቀረብሁለት። መረጃ አላገኘሁም አለኝ፤ ከሥሩ ግን «እኔ ማሳውን ማየት አልችልም፤ ሰው ልካችሁ አስመልክቱ» የሚል ሁለተኛ መስመር ነበረው። ኮሚቴው በሥራ ብዛት እስከዚያ አላነበበም ይሆናል። ተቃራኒ ሐሳብ መስማት ግዴታ ነውና፣ ስለ ኮሚቴው ተከራከርልኝ ብዬም ለመንሁት። ምናልባት መሻገሪያ አጥተው ይሆናል አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ ስለተቀየምሁዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ታንኳ ተከራይቼ መሻገሪያው ላይ አስሬልዎታለሁ፤ ቀዛፊው ባየህም ከማለዳ እስከ ምሽት ይጠብቅዎታል።

ካልተረጋገጠው ውሃ መካከል ቆሞ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ሰብስቦ፣ በሌላው እጁ እጅ የሚነሣዎ፣

ካሴ አበረ
የገላነሽ አጎት

ማሳሰቢያ፦ ውሃው ከትናንት ጀምሮ እየሸሸ ነው፤ ጭቃውም ቢበዛ ስምንት ቀን ይታገሣል። ከዚያ በኋላ ከመጡ ታንኳም አያስፈልግዎትም፤ ደረቅ መሬት፣ ዘር ያልነካው ማሳና ባዶ ጎተራ ያገኛሉ። ጎርፍ ስለመኖሩ አንድም ማስረጃ አይታይም፤ ኮሚቴውም ያለ ምንም መሣሪያ ትክክል ይሆናል።