የውሃው መልክ

ይድረስ አላስካ ላለኸው ወንድሜ ዱአርቴ፤

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ፕሮቪንስታውን ላይ ተመስገን ነው፤ የጎደለን ያንተ ሳቅ ብቻ ነው።

ባለመስመሩ ባስ፣ ያ የምናጠምደው ዓሣ፣ ወደ ባሕራችን ገብቷል። ከጀልባዋ ኋላ ለማጥመጃ የምንጎትታቸውን የጎማ ዓሦች አሁንም የሚመርጠው አባባ ነው፤ ለጠራ ውሃ ነጭ፣ ለደፈረሰ ቢጫ። ዘንድሮ ግን "ኢነስ፣ ውሃው ምን ይመስላል?" እያለ ይጠይቀኛል። ትናንት "ጠርቷል" ስለው ሳጥኑን ዳበሰና "እንኪ፣ ነጩን እሰሪ" ብሎ ቢጫውን ሰጠኝ። ሳልነግረው ቢጫውን መልሼ ነጩን አሰርኩ። ትልቅ ዓሣ ያዝን።

"አላልኩሽም!" ብሎ ሳቀ።

የጀልባዋን መሪ ግን ዛሬም ለእኔ አይለቅም።

በመስከረም ስትመጣ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። አደራህን፣ እጅህን ብቻ አታውለብልብለት፤ ከሩቁ ጮክ ብለህ ጥራው።

በናፍቆት የምትስምህ እህትህ ኢነስ