የዛሬው ልክሽ

ይድረስ ለልጄ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ከክንድሽ አልወርድ ያለችውን ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ አንቺንም ከክፉ ይሰውርልኝ።

እኛ ደህና ነን። አባትሽ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ዛሬም የት አለ ይለኛል። ስፌት መኪናዬ ተበላሽታ ሁለት ቀን እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ ያኔ ነው እህትሽ አምልጧት የነገረችኝ። ሆድሽን ለማሳነስ ልታስቀድጂ ነው አሉ! ኧረ በስንቱ ልቃጠል!

ጎረቤታችንን ነርሷን ጠየቅኳት። ትርፉ ቆዳ ተቆርጦ፣ የላላው ጡንቻ ተሰፍቶ፣ ቁስሉ የሚቋጥረው ፈሳሽ በቱቦ እየወጣ ትሰነብቻለሽ አለችኝ። ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሳም። ልጅሽን ማን ሊያነሳልሽ ነው? ሌላ ልጅ ካሰብሽም መጀመሪያ ውለጂ ብላለች፤ አለዚያ እርግዝናው የተሰፋውን መልሶ ያላላዋል። ጠባሳውም ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው። እኔ ቀሚስ ሲበላሽብኝ ተርትሬ እንደገና እሰፋዋለሁ፤ ቆዳ ማን ይተረትራል?

ምክንያቱን ስሰማ ደግሞ ጭራሽ! ሰፍቼ የሰደድኩልሽ ቀሚስ አልዘጋ ብሎሽ አለቀስሽ አሉ። አንቺ ሞኝ! በሠርግሽ ጊዜ በነበረው ልክሽ እኮ ነው የቆረጥኩት፤ ደብተሬ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰፋሁት ሴትዮ ሳልለካ ቆርጬ፣ ጥፋቱ የሆድሽ ሆነ?

ሰውነቱ ያንቺ ነው፤ ከቆረጥሽ አልከለክልሽም። ብቻ ሳትነግሪኝ ሆስፒታል እንዳትተኚ፣ መጥቼ ልጅሽን እይዝልሻለሁ። ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። እስከዚያው ግን ሜትር አንሺና፣ ሆድሽን ወደ ውስጥ ሳትስቢ፣ የዛሬውን ልክሽን ለክተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ